ስምንት መቶ ዕቃ በስንት ብር? የአንድ ጎንደር ሆቴል የፍተሻ ሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 25

ዛሬ ከፒያሳ ብዙም ከማይርቅ አንድ ትልቅ ሆቴል ተደወለልኝ። ከውጭ እንግዳ የሚልክላቸው አስጎብኚ ድርጅት ለጥምቀት ክፍል ከመያዙ በፊት «የኤሌክትሪክ ዕቃዎቻችሁ የተፈተሹበትን ሰነድ አሳዩኝ» ብሏቸዋል። ሥራ አስኪያጁ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በዕቃ ስንት ነው?»

በስልክ ዋጋ አልሰጥም። ለማንም አልሰጥም። ዕቃ መለካት ራሱ ደቂቃ አይፈጅም፤ ጊዜ የሚበላው ዕቃው ጋ መድረስ ነው። ቁልፍ መጠበቅ አለ፣ አልጋ መግፋት አለ፣ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ መውጣት አለ፣ «ኮምፒውተሩን አሁን ማጥፋት አልችልም» የሚል ሒሳብ ሠራተኛ አለ። ይህን ሳላይ የምናገረው ቁጥር ወይ እኔን ይጎዳል ወይ እነሱን።

ሥራውን ለማያውቀው ሰው፦ ፓት ይባላል። ሶኬት ላይ የሚሰካ ማንኛውንም ዕቃ በዓይን መርምሮ፣ በመሣሪያ ለክቶ፣ ቁጥር ለጥፎ መመዝገብ ነው። አሠራሩ የዳበረው ብሪታንያ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ደንብ አሠሪው ዕቃውን ከአደጋ ነፃ አድርጎ ይያዝ ይላል እንጂ በየዓመቱ ይፈተሽ አይልም። እኛም ጋ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪው የሥራ ቦታውን ደህንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። እንዴት እንደሚጠብቅ ግን ዕቃ በዕቃ አይነግረውም። ስለዚህ ሰነዱ ዋጋ የሚኖረው ሥራው በእውነት ከተሠራ ብቻ ነው።

ጥቅምት 27

ዳሰሳ። ከንብረት ክፍል ዝርዝር ተሰጠኝ። በደንብ የተያዘ መዝገብ ነው፤ እያንዳንዱ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ቁጥር አለው። ግን አንድም ኤክስቴንሽን የለበትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኤክስቴንሽን «አላቂ ዕቃ» ስለሆነ ቋሚ ንብረት መዝገብ ላይ አይወጣም። የኮምፒውተር ገመድም እንደዚያው፣ የፀጉር ማድረቂያም እንደዚያው። በእኛ ሥራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ይኸው መዝገብ ላይ የሌለው ነው። በንብረት ዝርዝር ብቻ ዋጋ የሚያቀርብ ሰው ገና ከመጀመሩ የሥራውን ከባድ ክፍል ጥሎታል።

ስለዚህ ክፍል በክፍል ዞርኩ። 84 የእንግዳ ክፍል አለ። በእያንዳንዱ ቴሌቪዥን፣ ትንሽ ፍሪጅ፣ የውሃ ማፍያ፣ ሁለት የራስጌ መብራትና ፀጉር ማድረቂያ፤ ስድስት ዕቃ ነው። ያ ብቻ 504። ቢሮና እንግዳ መቀበያ ከነገመዱ 96። አዳራሹ በድምፅ ማጉያውም በኤክስቴንሽኑም 70። ወጥ ቤትና ባር 64። ላውንደሪ 18። የሠራተኞች ማረፊያ ደግሞ 40 አካባቢ፤ እዚያ ያለው ምድጃና ካውያ የሠራተኞቹ የግል ንብረት ነው፤ ቢሆንም ከሆቴሉ ሶኬት ስለሚሰካ ይቆጠር ብዬ ተከራከርኩ፣ ተስማሙ።

ድምሩ 792 ነው።

ስዞር ሌሎች ነገሮችም ያዝኩ። የቴሌቪዥኑ ሶኬት ከአልጋው ራስጌ ጀርባ ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛ ሰው የግድ ነው። ላውንደሪው ምድር ቤት ነው፤ ወለሉ ሁሌም እርጥብ። ወጥ ቤት ውስጥ አራት የእንጀራ ምጣድ አለ። እነሱን ለብቻቸው ጻፍኳቸው።

ጥቅምት 29

ዛሬ ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁ። ሁሌም የምጀምረው ከሰዓት ነው፤ ብር መጨረሻ ላይ ይመጣል።

የእንግዳ ክፍል፦ ለስድስቱ ዕቃ 15 ደቂቃ፣ ለመግባት፣ ለመግፋትና ቦታ ቦታው ለመመለስ 5 ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ በ84 ሲባዛ 28 ሰዓት ነው። ቢሮ በዕቃ 4 ደቂቃ፤ ኮምፒውተር ማጥፋትና ማብራት ስላለ 6.4 ሰዓት ይወጣል። ወጥ ቤት በዕቃ 6 ደቂቃ፣ ያም 6.4 ሰዓት። አዳራሹ ቀላል ነው፤ ሁሉም አንድ ቦታ ስለተከማቸ 2 ደቂቃ ይበቃዋል፣ 2.3 ሰዓት። ላውንደሪ በዕቃ 8 ደቂቃ፣ የሠራተኛ ማረፊያ 4 ደቂቃ፤ ሁለቱ አንድ ላይ 5 ሰዓት ያህል። ተደምሮ 48 ሰዓት።

ከዚያ ሩቡን እጨምራለሁ። መብራት ይጠፋል፣ ቁልፍ የያዘችው ልጅ ምሳ ትወጣለች፣ እንግዳ ተኝቶ «አትረብሹ» የሚል ካርድ ይሰቅላል። ይህ ጭማሪ ትርፍ አይደለም፤ የጎንደር የሥራ ቀን እውነተኛ መልክ ነው። 60 ሰዓት ሆነ። በቀን በትክክል የሚለካበት ጊዜ ደግሞ ከስድስት ሰዓት አይበልጥም፤ ቀሪው መሣሪያ ማዘጋጀት፣ መመዝገብና መንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ ለሁለት ሰው አሥር ቀን።

የሁለት ሰው ቡድን በቀን 9,000 ብር ይፈጃል ብዬ ይዣለሁ። ደመወዝ፣ ምሳ፣ ባጃጅ፣ የመሣሪያው እርጅናና በየጊዜው ለካሊብሬሽን (መሣሪያው በትክክል እንደሚለካ ለማረጋገጥ) የሚወጣው ሁሉ በውስጡ አለ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። መሣሪያው በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነው፤ ሲበላሽ እንደገና በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዛው። አሥር ቀን 90,000 ብር። ዳሰሳና ሪፖርት 12,000። ተለጣፊ ወረቀት፣ ባትሪና ጥቃቅን ነገር 6,000። ድምር 108,000፤ ቫት 15 በመቶ ሲጨመር 124,200።

አሁን ወደ ዕቃ ሲመነዘር ከቫት በፊት 136 ብር ይሆናል። ሥራ አስኪያጁ የፈለገው ይህን ቁጥር ነበር፤ አሁን እሰጠዋለሁ፣ ከየት እንደመጣ ግን አብሬ አሳየዋለሁ።

ኅዳር 2

ፕሮፎርማ አስገባሁ። ግዥ ክፍል ሌላ ፕሮፎርማ አሳየኝ፤ በዕቃ 60 ብር ይላል። ማን እንዳቀረበው አልጠየቅሁም፣ እዚህም አልጽፍም። ሒሳቡን ግን እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ አብረን ሠራን።

60 በ792 ሲባዛ 47,520 ብር ነው። ቡድኑ በቀን 9,000 ካስወጣ አምስት ቀን ከትንሽ ይቆያል። ያ ማለት በቀን 150 ዕቃ። ስድስት ሰዓት 360 ደቂቃ ነው፤ ለ150 ሲካፈል 2.4 ደቂቃ። በዚያች 2.4 ደቂቃ ውስጥ በር ማስከፈት፣ አልጋ መግፋት፣ መንቀል፣ ማየት፣ መለካት፣ መጻፍ፣ መለጠፍና መልሶ መሰካት አለ። አይሆንም። የሚሆነው መለጠፍ ብቻ ነው። ዳሰሳ ባትሠሩም ማንኛውንም ርካሽ ፕሮፎርማ በዚህች ስሌት መፈተን ትችላላችሁ። ደቂቃ ከሰማይ አይወርድም።

ሒሳብ ሹሟ ወረቀቱን ይዛ ገባች። ከሰዓት በኋላ ተስማሙ። ሦስት ነገር ግን ከዋጋው ውጭ መሆኑን በጽሑፍ አስገባሁ።

አንደኛው ጥገና ነው። ስፒና መቀየር እዚያው በቁርጥ ዋጋ፤ ከዚያ በላይ የሆነ ብልሽት ቀይ ወረቀት ይለጠፍበትና ለንብረት ክፍል በፊርማ ይመለሳል። የወደቀን ዕቃ ያለ ፈቃድ ገመዱን መቁረጥ የለም፤ ንብረቱ የሰው ነው።

ሁለተኛው የግድግዳው ሶኬት ነው። ማፍያው ጥሩ ግራውንድ (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) ቢኖረውም ሶኬቱ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ጥሩነቱ አየር ላይ ይቀራል። የሕንፃው መስመር የእኔ ሥራ ውስጥ አልገባም፣ ግን ግራውንድ የሌለው ሶኬት ካየሁ በሪፖርቱ ዳር እጽፋለሁ ብያለሁ።

ሦስተኛው ዳግም ጉብኝት ነው። ክፍሉ ተዘግቶ ካገኘነው ዝርዝሩ ላይ «አልተገኘም» ይባላል፤ ተመልሼ ከመጣሁ በሰዓት ይታሰባል።

ክፍያ 30 በመቶ ቅድሚያ፣ 50 በመቶ ክፍሎቹ ሲያልቁ፣ ቀሪው ሪፖርት ሲረከቡ። ከክፍያው ላይ የሚቀነሰውን ግብር ከመጀመሪያው አስቡት፤ እጅ ላይ የሚደርሰው ፕሮፎርማው ላይ ካለው ያንሳል።

ኅዳር 8

ዝግጅት። መሣሪያዬ የብሪታንያ ሶኬት ያለው ስለሆነ ሁሉም ነገር በማገናኛ ነው የሚሰካው። ማገናኛው የራሱ ሬዚስታንስ (በኦም የሚለካ፣ ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚገታ ነገር) አለው። ከመጀመሬ በፊት እሱን ለክቼ ከንባቡ እንዲቀነስ አደርጋለሁ፤ አለበለዚያ ጤነኛ ዕቃ ይወድቅብኛል።

የብሪታንያ አሠራር እንዳለ እኛ ጋ አይሠራም። እዚያ በየስፒናው ውስጥ ፊውዝ አለ፣ ልኩ ይታያል፤ የእኛ ሹኮም (ክቡ የአውሮፓ ስፒና) ሆነ ባለሁለት እግሩ ፊውዝ የለውም። እዚያ ፌዝና ኒውትራል (ኤሌክትሪክ የሚያመጣውና የሚመልሰው ሽቦ) ቦታቸው ይፈተሻል፤ ሹኮ ግን ተገልብጦም ይሰካል። በምትኩ ከዱባይ የመጣ ባለሦስት እግር ስፒና ተቆርጦ በባለሁለት እግር የተተካበትን ዕቃ በዓይን መያዝ አለ። የግራውንዱ ሽቦ ውስጥ ተቆርጦ ቀርቷል። ከውጭ ሲታይ ምንም አይልም።

ተለጣፊው ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አሳተምኩት። ጥገና ክፍሉ ኅዳር ብሎ ያነባል፣ አስጎብኚው ኖቬምበር። ሌላው ደግሞ ማፍያ ላይ ሰውነቱ ላይ አትለጥፉ፤ ሙቀትና ሳሙና ይልጠዋል። ስፒናው አጠገብ ገመዱ ላይ ይሻላል።

የቀኑን አደረጃጀት ከሃውስ ኪፒንግ ኃላፊዋ ጋር ተቀመጥን። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ቢሮ። ከ4 እስከ 8 ሰዓት ክፍል፤ እንግዳ የሚወጣበትና ጽዳት የሚገባበት ሰዓት ስለሆነ በር ክፍት ነው። ከምሳ በኋላ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ወጥ ቤት። በየማታው የሚለቀቁትን ክፍሎች ዝርዝር በቴሌግራም ትልክልኛለች። ይህች አንድ መልእክት የግማሽ ሰዓት መንከራተት ታስቀራለች።

ኅዳር 11

ክፍሎቹን ጀመርን። አንዱ ይለካል፣ አንዱ ይጽፋል፣ ይለጥፋል። የመጀመሪያዎቹ ከሃያ ደቂቃ በላይ ወሰዱ፣ ከሰዓት በኋላ 17 እና 18 ላይ ወረደ። ጥሩ ነው፤ አማካዩ ይመጣል።

ስለ መለኪያው ትንሽ ልበል። ብረት ገላ ያለው ዕቃ ግራውንዱ ከ0.1 ኦም የገመዱ ሬዚስታንስ ተጨምሮበት መብለጥ የለበትም። ኢንሱሌሽኑ (ኤሌክትሪክ ወደ ገላው እንዳያመልጥ የሚከለክለው ሽፋን) በ500 ቮልት ሲለካ ከ1 ሜጋ ኦም አይነስ። ሁለት ካሬ የተሳለበት ዕቃ፣ ማለትም ግራውንድ የማያስፈልገው፣ 2 ሜጋ ኦም ይጠበቅበታል። የራስጌ መብራቶቹ ብረት ናቸው፣ ሁለት ካሬም የላቸውም፣ ገመዳቸው ግን ባለሁለት ሽቦ ነው። እነዚህ በቁጥር ምንም ቢያሳዩ አያልፉም። ብዙ ናቸው። ዛሬ ማታ ለሥራ አስኪያጁ ደውዬ አስቀድሜ ነገርኩት፤ መቀየሪያ መብራት ለመግዛት ጊዜ ይፈልጋልና ሪፖርቱን መጠበቅ የለበትም።

ከሰዓት መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ሲነሳና ሲተኛ መሣሪያውን አልሰካም፤ በባትሪ ግራውንድና ኢንሱሌሽን እንለካለን። ዕቃው እየሠራ የሚለካው ሊኬጅ (ከመስመሩ የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክ) ይቆያል። የባትሪ መሣሪያ ውድ ነው የሚል ሰው ጎንደር ላይ አንድ ሳምንት ይሥራ።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ከተማው በኅዳር ሲታጠን ጭስ ተሸፍኗል። አልሠራንም፤ መዝገቡን አጸዳሁ።

ኅዳር 17

ወጥ ቤት። ቀደም ብዬ ማድረግ እችል ነበር፤ ሆን ብዬ ጾመ ነቢያት እስኪገባ ጠበቅሁ። ከኅዳር 15 ጀምሮ ሥጋ መፍጫውና ሥጋ መቁረጫው ብዙም አይነኩም፤ ተነቅለው፣ ታጥበው፣ ደርቀው ቆዩን። በፍስክ ወር ከሆነ ረቡዕና ዓርብ ይያዙ። የጾም ቀን መቁጠሪያ ለወጥ ቤት ፍተሻ ከማንኛውም የፕሮጀክት ሰንጠረዥ ይበልጣል።

ቡና ማሽኑ አለፈ። ጁስ መፍጫዎቹ አንዱ ገመዱ በናስትሮ ተጠቅልሎ ነበር፤ ናስትሮ ጥገና አይደለም፣ ቀይ።

ከዚያ የእንጀራ ክፍል። አራት ምጣድ፣ አገር ውስጥ የተሠሩ፣ የብረት እግርና የብረት ከንፈር ያላቸው። ጋጋሪዋ ትልቅ ሰው ናቸው። እንዴት እንደሚጠቀሙ ጠየቅኋቸው።

«እትዬ፣ አንቱን ነዝሮዎት ያውቃል?»

«ኧረ ልጄ፣ ያቺኛዋ ትነዝራለች። ጣውላ ላይ ቆሜ ነው የምጋግርባት። ጫማ ካደረግሁ ምንም አትለኝ።»

ጣውላዋን አየኋት። ሁለት የእግር ቅርጽ ገብቶባታል፤ እንጨቱ መሃሉ ላይ ጎድጎድ ብሎ ከዘይትና ከሊጥ ጠቁሯል። ስንት ዘመን እንደቆሙባት አልጠየቅሁም።

ምጣዷን ነቀልናት። ገመዱ ባለሁለት ሽቦ ነው፤ ግራውንድ የሚባል ነገር ከብረቱ ጋር አልተያያዘም። ኢንሱሌሽኗ ቀዝቃዛ እንደሆነች 0.08 ሜጋ ኦም አነበበ። ምጣድ ላይ ግን በዚህ ንባብ ብቻ አይፈረድም። ሸክላው እርጥበት ይጠጣል፤ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም የሚግለው ሽቦ፣ በሸክላው ቦይ ውስጥ ስለተኛ እርጥበቱ መንገድ ይሆነዋል። ስለዚህ ማንም እንዳይነካት አድርገን፣ አክንባሎዋን ከድነን ሃያ ደቂቃ አሞቅናትና ነቅለን እንደገና ለካናት። ለማሞቂያ ዕቃ 0.3 ሜጋ ኦም ይበቃል ይባላል። ሦስቱ ምጣዶች ሲሞቁ ከዚያ በላይ ወጡ። ይህቺ 0.11 ላይ ቀረች። የሬዚስታንሱ ጫፍ ከብረቱ ከንፈር ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም ነበር፤ በካቻቢቴ ከፍተን ስናይ መለያው ሸክላ ተሰብሮ ወድቋል።

ቀይ ለጠፍኩባት፣ ብሬከሯን አወረድኩ፣ እዚያው ሥራ አስኪያጁን አስጠራሁ። የጠዋት እንጀራ ከሦስቱ ይጋገራል። እትዬ አልተቃወሙም፤ «እኔማ ስንቴ ተናግሬ» ብቻ ነው ያሉት። ስለዚህ ለሁላችሁም፦ ዳሰሳ ስታደርጉ ዕቃውን የሚጠቀምበትን ሰው ጠይቁ። መሣሪያ የማይነግራችሁን፣ ካርታ ላይ የሌለውን፣ እሱ ያውቀዋል።

ሌላው የምጣድ ጉዳይ ስፒናው ነው። 3,500 ዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው፤ ሹኮ የሚችለው ደግሞ 16 ነው። ሰዓታት ሲጋገር ይግላል፣ ይቀልጣል። ከአራቱ ሁለቱ ስፒናቸው ጠቁሯል። ምክሬ ስፒና መቀየር አይደለም፤ ለእያንዳንዷ ምጣድ ከራሷ ብሬከር የሚመጣ መስመር ከነግራውንዱ። ይህ ከእኔ ዋጋ ውጭ የሆነ ሥራ ነው፣ ለብቻው ጻፍኩት።

ለሚቀጥለው ፕሮፎርማ፦ ምጣድ በዕቃ 6 ደቂቃ ውስጥ አይገባም። መሞቂያውን ጨምሮ ለአንዷ 40 ደቂቃ ይያዝ። አራቱን ተራ በተራ ማሞቅ ሲቻል ግን በመሃል ሌላው ወጥ ቤት ይሠራል።

ኅዳር 19

አዳራሽ። ፈጣን ነው ብዬ እንደገመትኩት ሄደ፤ ያዘገየን አንድ ነገር ነው። 20 ሜትር ኤክስቴንሽን፣ ላዩ ላይ 1.5 ተብሎ ታትሟል፤ የሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር ነው። የ1.5 መዳብ በሜትር 0.0133 ኦም ስለሆነ 20 ሜትሩ 0.27 ያህል መሆን አለበት፤ 0.1 ሲጨመር እስከ 0.37 ይፈቀዳል። ግራውንዱ ሲለካ 0.61 አነበበ። ሁለቱንም ጫፍ ከፈትን፣ ብሎኖቹ ጥብቅ ናቸው፣ ዝገት የለም። ሽቦው ራሱ ነው ቀጭን የሆነው። ድምፅ ማጉያና ማሞቂያ አንድ ላይ ሲሰካበት ጥቅሉ ውስጥ ይግላል። ወደቀ። ገመድ ስትገዙ ጽሑፉን አትመኑ፤ ኦም ሜትር ያለው ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ።

መብረቅ መከላከያ ያላቸውን ማከፋፈያዎች በ250 ቮልት ነው የለካናቸው። በ500 ሲለኩ መከላከያው ራሱ ስለሚያስተላልፍ ጤነኛው ይወድቃል። ኮምፒውተር ላይም ግራውንዱን በ25 አምፔር አልነዳም፤ በትንሹ ይበቃል።

ኅዳር 24

ሪፖርቱን አስረከብኩ። ጊዜው ከታቀደው ውስጥ ገባ፤ ሩቡ ጭማሪ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው። ከወደቁት አብዛኞቹ ያለ መሣሪያ በዓይን ብቻ የሚታዩ ነበሩ፦ የተቆረጠ ግራውንድ፣ የተላጠ ገመድ፣ የተሰነጠቀ ስፒና። ስለዚህ ለጥገና ክፍሉ ሁለት ልጆች የዓይን ፍተሻውን ለግማሽ ቀን አሳየኋቸው። ያለ ክፍያ። በየወሩ እነሱ ቢያዩት በሚቀጥለው ስመጣ የእኔ ሥራ ይቀንሳል፣ የሰዎቹ ደህንነት ግን ይጨምራል።

ለሚቀጥለው ዙር ሁሉንም በዓመት አንዴ እንዳይሉ መከርኳቸው። የብሪታንያው መመሪያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 አምስተኛ እትሙ ላይ ቋሚውን የጊዜ ሰንጠረዥ ትቶ አደጋውን መዝኑ ወደሚል ሄዷል። ወጥ ቤት፣ ላውንደሪና ኤክስቴንሽን በየስድስት ወሩ። የእንግዳ ክፍል ማፍያና ፀጉር ማድረቂያ በዓመት። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የማይንቀሳቀስ ኮምፒውተር ቢዘገይም ችግር የለውም። ስድስት ወሩ ደግሞ ግንቦት መጨረሻ ላይ እንዳይውል ወደ ግንቦት መጀመሪያ ሳብኩት፤ ክረምት ሲገባ ምጣዱም ላውንደሪውም እርጥበት ይይዛሉ፣ ከዚያ በፊት ይጠገኑ።

የግንቦቱ ዋጋ በዚህ ተሰልቷል፦ ወጥ ቤት፣ ላውንደሪና ኤክስቴንሽን ብቻ፣ ምጣዶቹ በ40 ደቂቃ፣ ሁለት ቀን ተኩል። ለምጣዶቹ አዲስ መስመር የሚዘረጋ ኤሌክትሪሻን ሰኞ ይገባል። መስመሩ ሲያልቅ ግራውንዱን እኔ እለካለሁ፤ ቀይ ወረቀቷም የምትነሳው ከዚያ በኋላ ነው።